ኢንችና ሴንቲ፣ ፓውንድና ኪሎ፦ ባሕር ዳር ላይ መለኪያ ሳይምታታብን የምንኖርበት ዝርዝር መመሪያ

የልብስ ሰፊ ሜትር እቤት ካላችሁ አውጡና ሁለቱንም ገጽ እዩት። በአንዱ በኩል ከ1 እስከ 150 ተጽፏል። ይሄ ሴንቲ ሜትር ነው። ገልበጥ ስታደርጉት ቁጥሮቹ ተራርቀው ከ1 እስከ 60 ይሄዳሉ። ይሄኛው ኢንች ነው። እኔ የማሰፋበት ልብስ ሰፊ የወገቤን 34፣ የሱሪውን ርዝመት 102 ብሎ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። 34ቱ ኢንች ነው፤ 102ቱ ሴንቲ ነው። አንድ ሱሪ፣ አንድ ሜትር፣ ሁለት መለኪያ። ደብተሩ ላይ ግን የሁለቱም ስም የለም። እሱ ለምዶታልና አይሳሳትም። ደብተሩን ሌላ ሰው ቢያነበው ግን ጉድ ነው።

እኔ እስካሁን ያየሁት የመለኪያ ስህተት ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። ሰው ማባዛትና ማካፈል አቅቶት አይደለም የሚሳሳተው። ስልክ ውስጥ ማስሊያ አለ። የሚሳሳተው ቁጥሩን ያለ ስሙ ስለሚቀበል ነው።

አገራችን በሕግ የሜትር ሥርዓትን የያዘችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ነው። ገበያ ላይ የምናገኘው ዕቃ ግን ከየአገሩ ይመጣል፤ መለኪያውንም ይዞ ይመጣል። በኢንችና በፓውንድ ወደምትለካው አሜሪካ ሄዳችሁ አታውቁ ይሆናል። ቧንቧችሁ፣ ቴሌቪዥናችሁና የባጃጃችሁ ጎማ ግን በኢንች ነው የሚጠሩት። ስለዚህ ሁለቱንም ማወቅ ግድ ነው። በቅደም ተከተል እንሂድ።

ደረጃ 1፦ ቁጥሩን ከነስሙ ተቀበሉ

ዕቃ ልትገዙ ስትወጡ ወረቀት ላይ "ሁለት" ብላችሁ አትጻፉ። "2 ኢንች" ወይም "2 ሴንቲ" ብላችሁ ጻፉ። ሻጩ "ባለ ሃያ ነው" ካለ "ሃያ ምን?" ብላችሁ ጠይቁ። ይሄን መጠየቅ አያሳፍርም። ጥሩ ሻጭ እንዲያውም ደስ ይለዋል፣ ምክንያቱም ነገ ዕቃ ልትመልሱ አትመጡበትም።

እኛ ጋ በልማድ በኢንች የሚነገሩት እነዚህ ናቸው፦ የብረት ውሃ ቧንቧ፣ የውሃ ፓምፕና ጎማው፣ ቴሌቪዥንና የኮምፒውተር ስክሪን፣ የመኪናና የባጃጅ ቸርኬ፣ የጂንስ ወገብ። በሜትር ሥርዓት የሚሄዱት ደግሞ ብዙ ናቸው። ፌሮ ባለ 8፣ ባለ 10፣ ባለ 12 ሲባል ሚሊ ሜትር ነው። ብሎኬት 10፣ 15፣ 20 ሲባል ሴንቲ ነው። ጨርቅ በሜትር፣ ቦታ በካሬ፣ ነዳጅ በሊትር፣ ጤፍ በኪሎና በኩንታል።

ከሁለቱም የማይሆን አንድ አስቸጋሪ አለ፤ ቆርቆሮ። ቆርቆሮ የሚጠራው በጌጅ ነው። ጌጅ ደግሞ ወደ ኋላ ይቆጠራል። ቁጥሩ ሲጨምር ብረቱ ይሳሳል። ባለ 32 ጌጅ ከባለ 28 ጌጅ የሳሳ ነው። ቤት ሠሪ ጎረቤቴ ይሄን ሳያውቅ "ትልቁን ስጠኝ" ብሎ ስስ ቆርቆሮ ጭኖ ገብቷል። በሚሊ ሜትር ውፍረቱ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ሚሊ አይዋሽም።

ደረጃ 2፦ የራሳችሁን እጅ ለኩ

ይሄ አሁኑኑ የሚሠራ ሥራ ነው። ማስመሪያ ወይም ሜትር አምጡ። መጀመሪያ ስንዝራችሁን ለኩ፤ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ፣ እጅ ተዘርግቶ። ቀጥሎ ክንዳችሁን፤ ከክርን እስከ መሀል ጣት ጫፍ። ከዚያ የአውራ ጣታችሁን ስፋት። በመጨረሻ እግራችሁን ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት።

የእኔ ስንዝር 22 ሴንቲ ነው። ክንዴ 47 ሴንቲ። አውራ ጣቴ ኢንች ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። እግሬ 26 ሴንቲ ስለሆነ ከእንግሊዞቹ "ጫማ" በአራት ሴንቲ ተኩል ያህል ያንሳል። የእናንተን ስልካችሁ ውስጥ ጻፉ። ከዚህ በኋላ ሜትር ባይኖርም በር፣ ጠረጴዛ፣ አልጋ በቅርበት መገመት ትችላላችሁ።

አባቶቻችን በክንድና በስንዝር እንደለኩት፣ እንግሊዞችም በአውራ ጣትና በእግር ነው የጀመሩት። የሁላችንም መነሻ ገላችን ነው። ልዩነቱ እነሱ ቁጥሩን ቆርጠው ማሰራቸው ላይ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ተስማምተው አንድ ያርድ 0.9144 ሜትር ይሁን አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ኢንች ልክ 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። እንግዲህ ኢንች ራሱ ዛሬ የሚተረጎመው በሜትር ነው ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ አምስት ቁጥር ያዙ

ከአምስት በላይ መሸምደድ አያስፈልግም።

1 ኢንች = 2.54 ሴንቲ
1 ጫማ = 30 ሴንቲ ተኩል ገደማ
1 ማይል = 1.6 ኪሎ ሜትር
1 ኪሎ = 2.2 ፓውንድ
1 የአሜሪካ ጋሎን = 3.8 ሊትር

በጭንቅላት ለማስላት ደግሞ እነዚህን መንገዶች ተጠቀሙ። ኪሎ ሜትርን ወደ ማይል ለመለወጥ በ8 አካፍሉና በ5 አባዙ። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 112 ማይል ይወጣል። ፓውንድን ወደ ኪሎ ለመለወጥ ለሁለት ክፈሉና ከውጤቱ አንድ አሥረኛውን ቀንሱ። 50 ፓውንድ ግማሹ 25፣ ሁለት ተኩል ሲቀነስ 22 ኪሎ ተኩል። ትክክለኛው 22.7 ነው፤ በቂ ነው። ሜትርን ወደ ጫማ ለመለወጥ በ3 አባዙና አንድ አሥረኛውን ጨምሩ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነች። በሦስት ሲባዛ 5,400፣ አሥረኛው 540 ሲጨመር 5,940 ጫማ። በትክክል ሲሰላ 5,906 ነው።

ይሄ ቁጥር አውሮፕላን ውስጥ ይጠቅማል። አብራሪዎች ከፍታን በጫማ ነው የሚናገሩት፤ የሚቆጥሩትም ከባሕር ወለል ነው። ካፒቴኑ 10 ሺህ ጫማ ላይ ነን ካለ 3,048 ሜትር ነው። ጣና ራሱ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለተኛ፣ ከውሃው በላይ የቀራችሁ 1,250 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በመስኮት ታንኳዎቹ የሚታዩት ለዚህ ነው።

ጋሎን ላይ አንድ ማሳሰቢያ። ጋሎን ሁለት ነው። የአሜሪካው 3.785 ሊትር፣ የእንግሊዙ 4.546 ሊትር። እኛ ደግሞ ጋሎን ስንል ብዙ ጊዜ ዕቃውን ነው። ቀለም ስትገዙ "አንድ ጋሎን" የሚለውን ትታችሁ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ሊትር ወይም ኪሎ አንብቡ። ሁለት ሱቅ ዋጋ የምታወዳድሩ ከሆነ በሊትር አካፍላችሁ አወዳድሩ።

ደረጃ 4፦ ቧንቧና ፓምፕ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙ ብር የሚባክነው እዚህ ነው።

የቤታችን የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ሲፈነዳ እኔ ጎበዝ ነኝ ብዬ ማስመሪያ አወጣሁ። የብረቱን ቧንቧ ውጭ ለካሁት፤ 21 ሚሊ። ሱቅ ሄጄ "ባለ ሃያ መገጣጠሚያ" ገዛሁ። እቤት ስመጣ አልገባም አለ። ውሃው ተዘግቷል፣ እናቴ ባልዲ ይዛ ቆማለች፣ እኔ ፕላስቲኩን ብረቱ ላይ እየጫንኩ ላቤ ይወርዳል። ኋላ የመጣው የቧንቧ ሠራተኛ ብረቱን በእጁ ዳበስ አደረገና "ይሄ ግማሽ ነው" አለኝ። ማስመሪያ አላወጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብረት ቧንቧ "ግማሽ ኢንች" ሲባል ስሙ ነው እንጂ ልኩ አይደለም። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ነው። ቧንቧው ግን በውጭ በኩል 21 ሚሊ ገደማ ይሆናል። ሦስት አራተኛ የሚባለው በውጭ 27 ሚሊ ገደማ ነው። አንድ ኢንች የሚባለው ደግሞ 33 እና 34 ሚሊ መሀል ነው። ስለዚህ የብረት ቧንቧን ለክታችሁ ስሙን አታገኙትም። ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ግን የሚጠራው በትክክለኛ የውጭ ስፋቱ ነው። 20 ሲባል 20 ሚሊ ነው።

ሁለቱ የሚጣመሩት እንዲህ ነው፦ ግማሽ ኢንች ከ20 ሚሊ፣ ሦስት አራተኛ ከ25 ሚሊ፣ አንድ ኢንች ከ32 ሚሊ። ይጣመራሉ ማለት ግን እርስ በርስ ይገባሉ ማለት አይደለም። መሀላቸው የሚገባ፣ በአንድ በኩል ጥርስ ያለው፣ በሌላው በኩል ለፕላስቲኩ የተዘጋጀ መገጣጠሚያ አለ። ላዩ ላይ "20 × ½" ተብሎ ይጻፋል። መግዛት የነበረብኝ እሱን ነው። ከሁሉ የሚሻለው የተቆረጠውን ቁራጭ ይዞ ሱቅ መሄድ ነው።

ፓምፕ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። በጣና ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚያለሙ ሰዎች ባለ 2 እና ባለ 3 ኢንች ፓምፕ ያወዳድራሉ። ልዩነቱ አንድ ኢንች ብቻ ይመስላል። ግን ውሃ የሚያልፈው በአፉ ስፋት ነው፤ ስፋት ደግሞ ራሱን በራሱ ይባዛል። ሁለት ሁለቴ አራት፣ ሦስት ሦስቴ ዘጠኝ። የባለ 3ቱ አፍ ከባለ 2ቱ ከእጥፍ ይበልጣል። በባለ 3 ፓምፕ ላይ ባለ 2 ጎማ በማጥበቢያ የሚገጥም ሰው የከፈለበትን ውሃ በጎማው እያነቀው ነው።

የፓምፑን ወረቀት ስታነቡ ደግሞ "26 ጫማ" የሚል የመሳብ ከፍታ ታገኙ ይሆናል። 8 ሜትር ማለት ነው። ይሄ በባሕር ወለል ላይ ነው። እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ አየሩ የሳሳ ስለሆነ ፓምፑ ያንን ያህል አይስብም። ፓምፑን ወደ ውሃው አቅርቡት፤ በመግፋት በኩል ይርቅ እንጂ በመሳብ በኩል አይራቅ።

ደረጃ 5፦ ቴሌቪዥን፣ ጎማ፣ ቁልፍ

የቴሌቪዥን ኢንች የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው። የወርዱ አይደለም። ባለ 43 ኢንች ሰያፉ 109 ሴንቲ ነው፤ የስክሪኑ ወርድ ግን 95 ሴንቲ፣ ቁመቱ 54 ሴንቲ ገደማ። ባለ 55 ኢንች ወርዱ 122 ሴንቲ ያህል ነው። ቡፌ ውስጥ ልታስገቡት ከሆነ ኢንቹን በ2.2 አባዙ፤ ወርዱን በሴንቲ በቅርበት ታገኙታላችሁ። ለፍሬሙ ትንሽ ጨምሩ።

የመኪና ጎማ ላይ 195/65 አር 15 የሚል ጽሑፍ ካለ፣ 195ቱ የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። 65ቱ የጎኑ ከፍታ ከወርዱ ስንት መቶኛ እንደሆነ ነው። 15ቱ የቸርኬው ስፋት በኢንች ነው። አንድ ጎማ ላይ ሁለቱም መለኪያ ተቀላቅሎ ዓለም ሁሉ ይሄንኑ ይጠቀማል። ባጃጅ ላይ የምታዩት 4.00-8 ደግሞ ሁለቱም ኢንች ነው፤ ወርዱ 4፣ ቸርኬው 8። ጎሚስታ ጋ "ስንት ልሙላ?" ስትባሉና "30" ስትሉ ፒ ኤስ አይ ነው፤ በአንድ ካሬ ኢንች ላይ የሚያርፍ የፓውንድ ግፊት ማለት ነው። የመኪናችሁ በር ላይ ባር በሚባለው የግፊት መለኪያ ከተጻፈ በ14.5 አባዙት። 2.2 ባር 32 ፒ ኤስ አይ ነው።

ቁልፍ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጋራዥ ውስጥ 10፣ 13፣ 17 የሚባሉት ሚሊ ናቸው። የኢንች ቁልፍ ከተቀላቀለ አንዳንዱ ይገጥማል። ሦስት አራተኛ ኢንች 19.05 ሚሊ ስለሆነ ከ19 ጋር ምንም አይልም። ባለ 13 ቁልፍ ግን ግማሽ ኢንች ቡሎን ላይ ሲገባ 0.3 ሚሊ ይላላል። ሲጠብቅ የቡሎኑ ማዕዘን ይላጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚያወጣው መዶሻና መሮ ብቻ ነው። ቁልፉ ከተንቀጠቀጠ አታስገድዱት።

ደረጃ 6፦ ጉርድ ፎቶ

"ሦስት በአራት" ፎቶ ሲባል ሴንቲ ነው። የአሜሪካ ቪዛ ፎቶ ግን "ሁለት በሁለት" ነው፤ ኢንች። 5.1 በ5.1 ሴንቲ፣ አራት ማዕዘኑ እኩል። ፎቶ ቤት ገብታችሁ "ሁለት በሁለት" ብቻ ካላችሁ ጥፍር የምታክል ፎቶ ይዛችሁ ልትወጡ ትችላላችሁ። "የአሜሪካ ቪዛ፣ ሁለት በሁለት ኢንች" በሉ። ፊታችሁ ከአገጭ እስከ ራስ አናት ከ25 እስከ 35 ሚሊ ውስጥ መሆን አለበት። ማስመሪያ ይዛችሁ እዚያው ለኩት።

ደረጃ 7፦ ልጅ ሲታመም

ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይሄን አንብቡ።

እቤታችን ያለው ዲጂታል ሚዛን ከአሜሪካ የመጣ ነው። አንድ ማታ የእህቴ ልጅ አተኮሰው። ዓመት ከመንፈቁ ነው። እህቴ ሚዛኑ ላይ አቁማው 24 አየች፤ ልጁን አቅፋ ወደ ፋርማሲ ሄደች። "ኪሎው ስንት ነው?" ስትባል "24" አለች። ፋርማሲስቷ ልጁን አየችው። ከዚያ እህቴን አየቻት። "ይሄ ልጅ 24 ኪሎ?" አለች። እዚያው ባለው ሚዛን ስትመዝነው 11 ኪሎ ሆነ። የእኛ ሚዛን ፓውንድ ነበር የሚናገረው። የልጅ መድኃኒት የሚሰፈረው በኪሎ ነው። ያቺ ሴት ዓይኗን ባትገልጥ ኖሮ ልጁ ከእጥፍ በላይ መድኃኒት ይወስድ ነበር።

ሚዛናችሁን አሁን ገልብጡት። ብዙ ጊዜ ከሥሩ መለኪያውን የምትቀይር ትንሽ ቁልፍ አለች። ኪሎ ላይ አድርጓትና በፕላስተር ሸፍኗት። የእኛን እንደዚያ አድርጌዋለሁ።

ትኩሳት ላይም እንደዚሁ ነው። ከውጭ የመጣ ቴርሞሜትር በፋራናይት ሊሆን ይችላል። 98.6 ፋራናይት 37 ዲግሪ ነው፤ ጤነኛ። 100.4 ማለት 38፣ ትኩሳት ነው። 102 ማለት 39 ሊሆን ምንም አልቀረውም። 104 ማለት 40 ነው። ይቺን ጽፋችሁ ከቴርሞሜትሩ ጋር አስቀምጡ። ስለ አየር ሁኔታ ስናወራ "30 ቀንስና ለሁለት ክፈል" የሚባል አቋራጭ አለ። ለአየር ያገለግላል። ለልጅ ግን አትጠቀሙበት። 102ን በዚያ መንገድ ካሰላችሁት 36 ይላችኋል፤ እውነቱ 38.9 ነው። የተቃጠለ ልጅ ጤነኛ ነው ብሎ ያስተኛችኋል። ትክክለኛው መንገድ 32 ቀንሶ ለ1.8 ማካፈል ነው።

ሽሮፕ ላይ የሻይ ማንኪያ ሲባል 5 ሚሊ ሊትር ነው። የሾርባ ማንኪያ 15 ነው፤ ሦስት እጥፍ። የቤታችን ማንኪያዎች ደግሞ እንደየሠሪያቸው ይለያያሉ። ከመድኃኒቱ ጋር የመጣውን መስፈሪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ተጠቀሙ።

ደረጃ 8፦ ኩሽና

የአሜሪካ የኬክ አሠራር "አንድ ካፕ" ሲል 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የሻይ ብርጭቆ አይደለም፤ የቡና ሲኒ ደግሞ ጭራሽ አይደለም። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሁለት ካፕ ይሞላል ብላችሁ ያዙ። አንድ ካፕ ዱቄት 125 ግራም ያህል ሲመዝን አንድ ካፕ ስኳር 200 ግራም ይመዝናል። ካፕ ይዘት እንጂ ክብደት አይደለም። ጣሳም ቁናም እንደዚያው ናቸው፤ ገብስና ጤፍ በአንድ ጣሳ ተሰፍረው አንድ ኪሎ አይሆኑም። እናቶቻችን ይሄን ያውቁታል።

ኦቭን ላይ 350 ፋራናይት ካለ 180 ዲግሪ አድርጉት። 400 ካለ 200፣ 425 ካለ 220። ውሃ በ212 ፋራናይት ወይም በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚለው ባሕር ዳር ላይ አይሠራም። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላና ሽምብራ ከመጽሐፉ ሰዓት በላይ የሚቆየው እህሉ ከፍቶ፣ ምድጃው ደክሞ አይደለም።

ደረጃ 9፦ ቦታ ስትነጋገሩ

ውጭ ያለ ዘመድ "ቤቱ ስንት ካሬ ነው?" ሲል እሱ የሚያስበው በካሬ ጫማ ነው። እኛ ካሬ ስንል ካሬ ሜትር ነው። አንድ ካሬ ሜትር 10.76 ካሬ ጫማ ይሆናል። ሜትር ሦስት ጫማ ስለሆነ ካሬውም ሦስት ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። 150 ካሬ ሜትር 1,600 ካሬ ጫማ አካባቢ ነው። ውል ላይ ሁልጊዜ "ካሬ ሜትር" ተብሎ ሙሉው ይጻፍ።

ደረጃ 10፦ ሻንጣ

ለመንገደኛ የሚታሰረው ሻንጣ 23 ኪሎ ከሆነ 50 ፓውንድ ማለት ነው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ የዘጌ ቡናው ተራ በተራ ይመዘን። "12 አውንስ ቡና ላክልኝ" የሚል ካለ 340 ግራም ነው፤ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። የባዶ ሻንጣውን ክብደት መጀመሪያ ያዙ፤ ብዙዎች የሚረሱት እሱን ነው። ጎማ ያለው ትልቅ ሻንጣ ብቻውን 4 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ስለዚህ ለበርበሬና ለቡና የሚቀራችሁ 19 ነው። ሻንጣውን አቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡ፣ ቁጥሩን ያዙ። ሻንጣውን አስቀምጡና ብቻችሁን ውጡ። ልዩነቱ የሻንጣው ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ግን ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ እዩ።